የግራይንደርና የድሪል ካርቦን አቀያየር፦ አርሜቸሩ ሳይበላ መድረስ

ብረት እየቆረጣችሁ ግራይንደሩ ድንገት ቀጥ ካለ፣ ጎኑን መታ ስታደርጉት ደግሞ ከተነሣ፣ ወይም በንፋስ መውጫው በኩል ከወትሮው የበዛ እሳት ከተፋ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካርቦኑ ነው። ካርቦን የሚሠራው እንዲያልቅ ተብሎ ነው። ሁለቱ ካርቦኖች ከግራና ከቀኝ ሆነው ከኋላቸው ባለ ሞላ እየተገፉ የሚሽከረከረውን ኮሙቴተር (በአርሜቸሩ ጫፍ ያለውን የመዳብ ቀለበት) እየተጫኑ ኤሌክትሪኩን ወደ አርሜቸሩ (ሽቦ ወደተጠቀለለበት የሞተሩ ተሽከርካሪ ክፍል) ያሻግራሉ፤ መዳቡ እንዳይበላ እነሱ ይበሉለታል። ባለ 115 ሚሊሜትር ግራይንደር ላይ ዲስኩ በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይሽከረከራል፤ ማርሹ ፍጥነቱን ቀንሶ ስለሚያቀብለው አርሜቸሩ ከዚያም በላይ ይፈጥናል። በዚህ ፍጥነት ካርቦኑ አልቆ ሞላው መዳቡን ከነካ፣ ኮሙቴተሩን ለመቦርቦር ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ያኔ ወጪው የሁለት ካርቦን መሆኑ ይቀርና የአርሜቸር ይሆናል፤ ለርካሽ መሣሪያ ደግሞ አርሜቸር ከማስጠቅለል አዲሱን መግዛት ይሻላል።

የካርቦን ክዳኑ በጎኑ ላለ መሣሪያ ሥራው ከሩብ ሰዓት አያልፍም። ነገር ግን ካርቦን ተቀይሮለት በሳምንቱ የሚመለስ መሣሪያ ብዙ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ኮሙቴተሩንና የካርቦኑን ቤት ሳያዩ አዲስ ካርቦን ከትቶ መዝጋት።

ከመፍታታችሁ በፊት

ስፒናውን ከሶኬቱ ንቀሉ። ስዊቹን ማጥፋት አይበቃም። ብዙ መሣሪያ ላይ ስዊቹ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው፤ ባለ ሁለት ክብ እግር ስፒና ደግሞ ተገልብጦም ስለሚገባ፣ ስዊቹ ጠፍቶ ሳለ ፌዙ (ኤሌክትሪክ ያለበት መስመር) ካርቦኑ ድረስ ሊደርስ ይችላል። ዲስኩን ወይም የድሪሉን ምላስ አውጡ። ከዚያ ውጪውን በብሩሽና በአየር አጽዱ፤ አለዚያ ክዳኑ ሲከፈት ላዩ ላይ የተከማቸው የብረት ብናኝ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይወርዳል።

አጠገባችሁ የሚሆነው ዕቃ ይህ ነው፦ የክዳኑን ስንጥቅ ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ፣ ጫፈ ቀጭን ፒንሳ፣ ካሊፐር፣ ቴስተር፣ 400 ወይም 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ የእንጨት ስንጥር፣ ንጹሕ ጨርቅና ጥቂት አልኮል። ቤንዚን አትጠቀሙ፤ የሽቦውን ቫርኒሽ ይጎዳል፣ ትነቱም ውስጥ ከቀረ በመጀመሪያው ብልጭታ ይቀጣጠላል።

ባትሪ የሚሰካባቸው አዳዲስ መሣሪያዎች ላይ «ብራሽለስ» የሚል ጽሑፍ ካለ ካርቦን የላቸውም፤ አትፈልጉ።

ማውጣትና መለካት

በመሣሪያው ሁለት ጎን፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ፣ ሳንቲም የሚያካክሉ ጥቁር የፕላስቲክ ክዳኖች ካሉ ሥራው ቀላል ነው። ካቻቪቴውን ተጭናችሁ ወደ ግራ አዙሩ። ቀጭን ካቻቪቴ ስንጥቁን ይሸርፈዋል፤ የተሸረፈ ክዳን ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ አይፈታም። ከሥሩ ሞላ ስላለ ክዳኑ ሊለቅ ሲል አውራ ጣታችሁን አድርጉበት። ክዳን ከሌለው የኋላ ሽፋኑን ብሎኖች መፍታት ያስፈልጋል። እዚያ ካርቦኑን የሚጫነው እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ ሽቦ ነው፤ በፒንሳ ጫፉን አንስታችሁ ወደ ጎን አሳርፉትና ካርቦኑን ሳቡ፣ ከዚያ የሽቦውን ጫፍ ንቀሉ። ሳትነቅሉ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። የሽቦው መንገድ ሲረሳ ሽፋኑ ሽቦውን ይቆነጥጠዋል።

የወጣው ካርቦን የትኛው ጎን እንደነበረና የቱ ፊቱ ወደ ላይ እንደነበረ ምልክት አድርጉ። ገና ብዙ ዕድሜ ካለው መልሳችሁ ልትከቱት ትችላላችሁ፤ ያኔ ፊቱ የተቀረጸበት ጉብጠት ከኮሙቴተሩ ጋር እንዲገጥም እንደነበረ መመለስ አለበት።

የአዲስ ካርቦን ርዝመት በዚህ መጠን ባሉ መሣሪያዎች ላይ ብዙውን ጊዜ ከ13 እስከ 18 ሚሊሜትር ነው። 6 ሚሊሜትር ሲደርስ መቀየሪያው ደርሷል። እንደ ማኪታ ባሉት ላይ ጎኑ ላይ የተጫረ የመጨረሻ መስመር ስላለ መለካትም አያስፈልግ፣ መስመሩ ጋ ሲደርስ ይጣላል። አንዳንድ ካርቦን ደግሞ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ሞላና የማያስተላልፍ ጥርስ ተደብቆበታል። ካርቦኑ ሲያልቅ ጥርሱ ብቅ ብሎ ካርቦኑን ከመዳቡ ላይ ያነሣውና መሣሪያው ጸጥ ይላል። ይህ የተሠራው ኮሙቴተሩን ለማዳን ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሞተሩ የተቃጠለ መስሎት ደህናውን መሣሪያ በብረት ዋጋ ይሸጠዋል።

ሁለቱን ሁልጊዜ አብራችሁ ቀይሩ። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሲሆን ጫናቸው እኩል ስለማይሆን ደካማው ጎን እሳት ይተፋል።

ካርቦን ስትገዙ

አሮጌዎቹን ሁለቱንም ይዛችሁ ሂዱ። ካርቦኑ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ካለ (የማኪታ ዕቃ ቁጥር «ሲቢ» ብሎ ይጀምራል) በእሱ መግዛት ከሁሉ ይቀላል። ቁጥሩ ከጠፋ ውፍረቱንና ስፋቱን በካሊፐር ለኩ፤ ርዝመቱ ያለቀ ስለሆነ አይነግራችሁም። የጫፉን ዓይነት አትርሱ፦ ክብ የናስ ቆብ አለው? ሽቦው መጨረሻ ላይ ምላስ አለው? ጆሮ አለው? ሞላው አብሮት ይመጣል ወይስ መሣሪያው ላይ ይቀራል?

ልኩ ካልተገኘ ከፍ ያለውን ገዝቶ መሞረድ ይቻላል፤ ከሚያንስ የሚተልቅ ይሻላል። ብርጭቆ ወረቀቱን መስታወት ላይ አንጥፋችሁ ካርቦኑን በጠፍጣፋው እየገፋችሁ ቀንሱ፤ በእጅ ይዞ በሞረድ መፋቅ ጎኑን ያጎብጠዋል። ቤቱ ውስጥ ሲገባ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ክፍተት ይበቃዋል። ከዚያ ከጠበበ ሲግል ይጣበቃል፤ ከሰፋ ይንቀጠቀጥና ጠርዙ ይሸረፋል። የሞረዳችሁበት ዱቄት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ከመሣሪያው ርቃችሁ ሥሩ።

የመኪና ሞተሪኖ ካርቦን አትክተቱ፤ መዳብ የበዛበት ስለሆነ ለ12 ቮልት እንጂ ለ220 ቮልት ሞተር አይሆንም፣ ብልጭታውን ያባብሰዋል። ከባትሪ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣውን ዘንግ ሞርዶ መክተትም ሲቸግር የሚደረግ ዘዴ ነው። ዘንጉ ቆሞ ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ እንጂ በፍጥነት እንዲፋተግ የተሠራ አይደለም፤ መሣሪያው ይነሣል፣ ኮሙቴተሩ ግን ዋጋውን ይከፍላል።

ኮሙቴተሩን ማየት

ጊዜ ወስዳችሁ ልትሠሩት የሚገባው ይህን ነው። በካርቦኑ ቀዳዳ የስልክ መብራት እያበራችሁ አርሜቸሩን በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ጤነኛ ኮሙቴተር ለስላሳና እንደ ቡና የጠየመ ነው። ይህ ቀለም ቆሻሻ አይደለም፤ ካርቦኑና መዳቡ አብረው የሠሩት ስስ ሽፋን ስለሆነ ፍቃችሁ እንደ አዲስ ሳንቲም አታብለጭልጩት።

በሁሉም ጥርስ (ኮሙቴተሩ በተከፋፈለባቸው የመዳብ ቁራጮች) ላይ እኩል የጠቆረ ከሆነ በአልኮል የረጠበ ጨርቅ፣ ካልለቀቀም በስሱ ብርጭቆ ወረቀት እያዞራችሁ አጽዱት። ለብረት የሚሆነውን ጥቁር የሸራ ወረቀት ተዉት፤ ፍንጣሪው መዳቡ ውስጥ ተቀብሮ አዲሱን ካርቦን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በጥርሶቹ መካከል ያለው ስንጥቅ በካርቦን ዱቄት ከተደፈነ በእንጨት ስንጥር ጥረጉ። ስንጥቁ ውስጥ ያለው ማይካ (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መለያያ) ከመዳቡ ወለል ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ካርቦኑን በየዙሩ እያነሣ ይጥለዋል። የካርቦኑ መንገድ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ከሠራ አርሜቸሩን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥና ማይካውን ማስወረድ ነው እንጂ አዲስ ካርቦን ብቻውን አያድነውም።

አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ብቻ ተቃጥሎ ሌላው ደህና ከሆነ ችግሩ ካርቦን ሳይሆን የአርሜቸሩ ጥቅል ነው። አርሜቸሩ ከወጣ በቴስተር በጎረቤት ጥርሶች መካከል እየለካችሁ ዙሩ፤ ንባቡ ሁሉም ጋ ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንድ ቦታ ወደ ዜሮ ከወረደ ተነካክቷል፣ አንድ ቦታ ከዘለለ ተበጥሷል። ከመዳቡ ወደ ዘንጉ ስትለኩ ደግሞ ምንም ማሳለፍ የለበትም።

ማስገባት

የካርቦኑን ቤት ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። አዲሱ ካርቦን በራሱ ክብደት ተንሸራቶ መግባት፣ ሲገለበጥም መውጣት አለበት። ሞላው የተቃጠለ ወይም ሰማያዊ ቀለም ያወጣ ከሆነ በግለት ኃይሉን አጥቷል፤ እየሳቡ ማርዘም አያድነውም።

ፊቱ የተቀረጸ ከሆነ ጉብጠቱን ከኮሙቴተሩ ዙረት ጋር አግጥማችሁ ክተቱ። ሽቦው በሞላውና በቤቱ ግድግዳ መካከል እንዳይቆነጠጥ ተጠንቀቁ። ክዳኑን ስትመልሱ መጀመሪያ ተጫን አድርጋችሁ ወደ ግራ፣ ማለት ወደ መፍቻው አቅጣጫ፣ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። የክዳኑ ጥርስ መጀመሪያ ሲገጥም ቀጭ ሲል ይሰማችኋል። ከዚያ ወደ ቀኝ። ያለዚያ የፕላስቲኩ ጥርስ ተሻግሮ ይበላሻል። ሲጨርስ አታስጨንቁት።

ዲስክ የሚታሰርበትን ዘንግ በእጅ አዙሩ፤ ሳይንቀራፈፍ መዞር አለበት። ስዊቹን አብርታችሁ በቴስተር በስፒናው ሁለት እግሮች መካከል ለኩ፦ የፍጥነት መቆጣጠሪያ የሌለው ግራይንደር ጥቂት ኦም ያሳያል። ምንም ካላሳየ ካርቦኑ አልነካም፣ ወይም ሽቦው ተነቅሏል፣ ወይም ስዊቹ ሞቷል። ከስፒናው እግር ወደ ማርሹ የብረት ቤት ደግሞ ምንም ማሳየት የለበትም፤ ካሳየ ሶኬት ላይ አትሰኩት። ከመሰካታችሁ በፊት ስዊቹን ማጥፋታችሁን አረጋግጡ።

ማለማመድና ከዚያ በኋላ

ዲስክ ሳታስሩ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያለ ሥራ አዙሩት፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካለው ዝቅ አድርጉ። መጀመሪያ ላይ ብልጭታው መብዛቱና ትንሽ መሽተቱ የሚጠበቅ ነው፤ የካርቦኑ ፊት ሙሉውን እየነካ ሲሄድ ይቀንሳል። ከዚያም የመጀመሪያውን ቀን በቀላል ሥራ አሳልፉት። አጭር ሰማያዊ ብልጭታ ከካርቦኑ ሥር ጤና ነው። እሳቱ መዳቡን ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከከበበው ወዲያው አጥፉ፤ አርሜቸሩ ውስጥ ተነካክቷል ማለት ነው።

አዲሱ ካርቦን በጥቂት ቀን ካለቀ ኩሽኔታውን እዩ። በኮሙቴተሩ በኩል ያለው ኩሽኔታ ሲላላ አርሜቸሩ ይርገበገባል፣ ካርቦኑም በየዙሩ ይዘላል። ዘንጉን ይዛችሁ ወደ ጎን ስትነቀንቁ ከተንቀሳቀሰ ምርመራው እዚያ ያበቃል። አንደኛው ካርቦን ከሌላው በጣም ፈጥኖ ካለቀ የዚያ ጎን ሞላ ወይም ቤት ነው ጥፋተኛው። ረጅምና ቀጭን ማራዘሚያ ሽቦም አይናቅ፦ ቮልቴጁ ሲወርድ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ የማቀዝቀዣው ንፋስ ይደክማል፣ ሠራተኛው ደግሞ አልቆርጥ ስላለው የበለጠ ይጫነዋል።

እምነ በረድና ብሎኬት ለሚቆርጡ፣ የድንጋይ ዱቄት ካርቦንን ከብረት ብናኝ እኩል ይበላል። በሥራው ማብቂያ መሣሪያውን ያለ ዲስክ እያዞራችሁ በንፋስ መግቢያው በኩል ደረቅ አየር ንፉበት፤ መነጽር አድርጉ፣ የሚወጣው ወደ ፊታችሁ ነው።