አዋሽ ሰባትን ለማወቅ ከአሮጌው ጣቢያ ጀምሩ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ስትደርሱ አዲሱን ሳይሆን አሮጌውን ባቡር ጣቢያ ጠይቁ። በጠዋት ሂዱ፤ ከረፋዱ በኋላ ሙቀቱ አያስወራም። ሜትር ካላችሁ ሐዲዱን ለኩት። ከአንዱ ብረት ውስጠኛ ጠርዝ እስከ ሌላው 1 ሜትር ነው። መስመሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

ቀጥሎ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ፈልጉ። «ታሪክ ይንገሩኝ» እንዳትሉ! እኔ ብዬ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ አገኘሁ። «ባቡሩ ሲገባ እዚህ ምን ይሸጥ ነበር?» ስል ግን አባባ ፉጨቱን በአፋቸው አሰምተው ጀመሩልኝ። ቡናው በረካ እስኪደርስ አላቆሙም። መቀረጽ ካልወደዱ ስልካችሁን ኪስ ክተቱና ማታውኑ ጻፉት። በአዋሽ ወንዝ ላይ ያለውን ድልድይ ፎቶ ለማንሳት ግን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።