የአየር ትራንስፖርትን የ20 ዓመት አካሄድ በኮምፒውተር እንዴት አስቀድሞ መፈተሽ ይቻላል?

ብዙ ሰው ለዚህ ሥራ ሲነሳ ሶፍትዌር መምረጥ ላይ ይቸኩላል። መጀመሪያ ግን የሚለካው ነገር ይወሰን፦ የመዘግየት ደቂቃ ነው፣ የነዳጅ ፍጆታ ነው ወይስ የተጓዥ ብዛት?

ቀጥሎ ሥራ የበዛበትን የአንድ ቀን የበረራ መርሐ ግብር ያስገቡ። እያንዳንዱ አውሮፕላን ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ፣ ከዚያ ወዴት እንደሚቀጥል ይታወቅ፤ የጠዋት መዘግየት እስከ ማታ የሚንከባለለው በዚሁ ሰንሰለት ነው። ሞዴሉ ያለፈውን ዓመት መዘግየት በቅርበት ካላወጣ የወደፊቱን አይመኑት።

ከዚያ ፍላጎቱን ያሳድጉ። በዓመት 4 በመቶ የሚያድግ በረራ በ18 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ በ3 በመቶ ግን ከ23 ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ዕድገት ለየብቻ ይሞከር። እ.ኤ.አ. በ2020 እንደታየው ያለ ድንገተኛ ማሽቆልቆልም አይዘለል።

ዋናው ጉዳይ አቅም ነው። አንድ መንደርደሪያ በአማካይ በየ2 ደቂቃው አንድ አውሮፕላን ያስተናግዳል እንበል፤ በሰዓት 30 ማለት ነው። አመጣጡም አገልግሎቱም እንዳጋጣሚ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ በተለመደው የወረፋ ቀመር በሰዓት 24 ሲመጡ አማካይ ጥበቃው 8 ደቂቃ ነው። 27 ሲሆኑ 18 ደቂቃ፣ 29 ሲሆኑ ደግሞ 58! እውነተኛ በረራ መርሐ ግብር ስላለው ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ አቅሙ ሊሞላ ሲል መዘግየቱ ሽቅብ መተኮሱ ግን አይቀርም። ጭጋግ አቅሙን ወደ 26 ካወረደው 27ቱ ወረፋውን እያስረዘሙት ይሄዳሉ። በመሆኑም የአየር ጠባዩን ካለፉት ዓመታት መዝገብ በዕጣ እያወጡ ስሌቱን በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋግሙት።

ብዙ ሞዴል የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ በረራው ዝም ብሎ ሲጨመር ከ15 ዓመት በኋላ የብዙ ሰዓት መዘግየት ይወጣል። አየር መንገዶች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም፤ ሰዓት ይቀይራሉ፣ ትልልቅ አውሮፕላን ያሰማራሉ፣ ዋጋ ይጨምራሉ። ስለዚህ የእያንዳንዱ ዓመት ስሌት ሲያልቅ መዘግየቱ ከገደብ ካለፈ መርሐ ግብሩን አስተካክለው ወደ ቀጣዩ ዓመት ይሻገሩ። የታቀደ አዲስ መንደርደሪያ ካለ ይከፈታል በተባለበት ዓመት ያስገቡት፤ ለጥቂት ዓመታት ቢጓተትስ ብለውም ይሞክሩ፤ ግንባታ መጓተቱ ብርቅ አይደለምና።

ውጤቱን ሲያቀርቡ ከአማካዩ ጎን ከ10 ቀን አንዱ ላይ የሚያጋጥመውን የከፋ መዘግየት ያስቀምጡ፤ ውጤቱን ይበልጥ የቀየረው የትኛው ግምት እንደሆነም ይጻፉ።