የቱርክ ሺሽ ኬባብ በከሰል ማንደጃ

ጥብስ የሚሠራ ሰው ሺሽ ኬባብ፣ ማለትም ዘንግ ላይ ተሰክቶ በፍም የሚጠበስ ሥጋ፣ አያቅተውም። የጥብስ ልማዱን ግን ትንሽ መተው አለበት። ቅቤ የለም፣ መጥበሻ የለም፣ ቅመሙም ጥቂት ነው። ጣዕሙን የሚያመጡት ጮማውና ፍሙ ናቸው።

መጀመሪያ ሥጋው። ሥጋ ቤቶቻችን በብዛት የሚሸጡት የበሬ ስለሆነ፣ ቀላሉ መንገድ ከቅዳሜ ገበያ በግ ተገዝቶ ቤት ሲታረድ ታፋውን ለዚህ ማስቀረት ነው። ወጣት በግ ይሁን፤ ያረጀው ለወጥ ይሻላል። በዚያው ቀን አትጥበሱት፣ ገና የታረደ ሥጋ ይጠነክራል፣ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ላቱን ደግሞ አደራ፣ ለማንም እንዳትሰጡ! ቱርኮችም እንደኛው ላታም በግ አላቸው፤ በቀዩ ሥጋ መሃል መሃል ትንንሽ የላት ቁራጭ ይሰካሉ፣ እሱ ሲቀልጥ ሥጋውን እያራሰው ይወርዳል። ላት የሌለበት ኬባብ ደረቅ ነው፣ ምንም ብታደርጉት።

ለ1 ኪሎ ሥጋ ጅማቱን አውጡና 3 ሳንቲሜትር ያህል አድርጋችሁ እኩል እኩል ቁረጡ። 2 ቀይ ሽንኩርት ፈቅፍቃችሁ ጨምቁ፣ የምትፈልጉት ጭማቂውን ብቻ ነው፤ ሽንኩርቱ ራሱ ሥጋው ላይ ከቀረ ያርራል። በጭማቂው ላይ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 2 ማንኪያ እርጎ፣ 1 ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ቁንዶ በርበሬና ደረቅ ጦስኝ ጨምሩ። ከስሜን ተራራ በኩል የሚመጣው ጦስኝ ጠረኑ ኃይለኛ ስለሆነ አንድ ቁንጥር ይበቃል። ሥጋውን በዚህ አሽታችሁ ቢያንስ 4 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፣ ቢያድር ደግሞ የተሻለ ነው። ጨው ልትጠብሱ ስትሉ ብቻ።

በርበሬስ? ቱርኮች በደንብ ያልደቀቀ ቀይ በርበሬ ይነሰንሱበታል፣ ትንሽ ሚጥሚጣ ይተካዋል። በርበሬ ካልገባበት አልበላም የሚል ሰው ቤት ውስጥ አይጠፋም፤ ለእሱ አዋዜ በጎን አቅርቡለት።

ዘንጉ ጠፍጣፋ ብረት ይሁን። ክብ ከሆነ ስትገለብጡት ዘንጉ ይዞራል፣ ሥጋው ባለበት ይቀራል። ብየዳ ቤት ታሠራላችሁ፤ ዚንክ የተለበጠ ሽቦ ግን ለምግብ አይሆንም።

ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሉ፣ ዝግ ቤት ውስጥ በፍጹም፤ ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ ሰው ይገድላል። ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ ታገሡ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ይርበውና ነበልባል ላይ ይጥደዋል፣ ከዚያ ውጪው አርሮ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። በማንደጃው ግራና ቀኝ ጡብ አስቀምጡና የዘንጉን ጫፎች በዚያ አስደግፉ፣ ሥጋው ፍሙን ሳይነካ ከበላዩ ይንጠልጠል። ላቱ ተንጠባጥቦ እሳት ቢያስነሳ ውሃ አትርጩ፣ አመዱ ሥጋው ላይ ይቦናል፤ ዘንጉን ለአፍታ አንሱት፣ በቃ። እያገላበጣችሁ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ።

ቲማቲሙንና ቃሪያውን ለብቻቸው ሰኩ፣ ከሥጋው እኩል አይበስሉም። ቀይ ሽንኩርት በስሱ ከትፋችሁ በጨውና በሎሚ እሹት፤ ቱርኮች ሱማቅ የሚባል ጎምዛዛ ቅመም ነው የሚያደርጉበት፣ ሎሚው ያንን ይተካል። ሥጋው ሊወርድ ሲል ስስ ቂጣ ከላዩ ጣል አድርጉ፣ ጮማውን ይመጠዋል። ከዘንጉ ለማውለቅም ሹካ አያስፈልግም፤ ያንኑ ቂጣ አጥፋችሁ ሥጋውን ጨበጥ አድርጉና ዘንጉን ሳቡት።