አኳሪየሙ ከታጠበ በኋላ ዓሦቹ ሲሞቱ፦ ችግርና መፍትሄ

መብራት መኖሩን፣ ፓምፑና ሂተሩ መሥራታቸውን አይታችኋል ብዬ ልለፍ።

ምልክት፦ አኳሪየሙ በታጠበ ማግስት ውሃው እንደ አጓት ይደፈርሳል። ዓሦቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ስንጥባቸው ይቀላል። ከዚያ አንድ በአንድ ያልቃሉ።

ምክንያት፦ አዲስ አበባ ውስጥ ለጥገና ስጠራ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይኸው ነው። ባለቤቶቹ «ኧረ ትናንት እኮ ነው ያጸዳነው!» ይሉኛል። የጨረሳቸው ጽዳቱ ነው። የዓሣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይፈጥራል። ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት የፊልተሩ ስፖንጅ ላይ ነው። ስፖንጁን ቧንቧ ስር ስታጥቡት ክሎሪኑ ይፈጃቸዋል።

አንድ ምግብ ቤት ስደርስ ውሃው በሙሉ ተደፍቶ በአዲስ ተተክቷል፤ ጠጠሩ በበረኪና ተዘፍዝፎ፣ ስፖንጁ በፈሳሽ ሳሙና ታሽቶ ተመልሷል። ስጨምቀው ገና አረፋ ይወጣው ነበር። መስታወቱ ያብረቀርቃል፤ ጎልድፊሾቹ በጎናቸው ተንሳፍፈዋል። ሌላ ቤት ደግሞ «ርቧቸው ነው» ብለው ምግብ እየጨመሩ አሞኒያውን አባሱት።

መፍትሄ፦ ዛሬውኑ የውሃውን ሩብ ያህል ቀይሩ። አዲሱ ውሃ ክሎሪን ማጥፊያ የገባበት ወይም ክፍት ባልዲ ውስጥ ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ ይሁን፤ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር ይመጣጠን። ምግብ ለሁለት ቀን አቁሙ። የአየር ፓምፕ ጨምሩ፤ አዲስ አበባ ባለችበት በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን ከቆላው ያንሳል። ከጤነኛ ገንዳ ያገለገለ ስፖንጅ ቆርጣችሁ ፊልተሩ ውስጥ ክተቱ። ያ ካልተገኘ ባክቴሪያው እስኪቋቋም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ እስከዚያ አሞኒያውን በየቀኑ ለኩ።

ከዚህ በኋላ በየሳምንቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ብቻ ቀይሩ። ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ አለቅልቁት። ሳሙና በፍጹም! በረኪና የነካው ባልዲም አይጠጋው። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን ቡናማ ውሃ ድፉት።

ውሃው ከልክ በላይ ከሞቀ፦ ርካሹ ሂተር ተጣብቆ አልጠፋም ማለት ነው። ጣሉት።

የጨው ውሃ ገንዳ፦ ኮራሉ (አለት ላይ ተጣብቆ የሚኖረው የባሕር እንስሳ) ከተኮማተረ መጀመሪያ ጨዋማነቱን ለኩ፤ በአንጻራዊ ጥግግት (ከንጹህ ውሃ አንጻር ምን ያህል እንደሚከብድ) 1.025 አካባቢ መሆን አለበት። ከፍ ካለ፣ የጎደለውን በጨው ውሃ ስትሞሉ ከርማችኋል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨዉ ይቀራል። የተነነውን በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ተኩ፤ ከፍ ያለውንም በቀናት ውስጥ ቀስ እያላችሁ አውርዱ። ውሃ ስትቀይሩ ግን የባሕር አኳሪየም ጨው በባልዲ ውስጥ በፓምፕ እያማሰላችሁ አሳድሩት፤ ገንዳው ውስጥ ጨው አትበትኑ። የወጥ ቤት ጨው አይተካውም፤ ለኮራል የሚያስፈልገው ካልሲየምና ማግኒዥየም የለውም። ባለመርፌውን የፕላስቲክ መለኪያም አትመኑ፤ መርፌው ላይ አንዲት የአየር አረፋ ከተለጠፈች ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ሪፍራክቶሜትር (ጨዋማነትን በብርሃን መታጠፍ የሚለካ መሣሪያ) ግዙ።