የልብ ደም ስር ምርመራ ከጎንደር ለምትነሱ፦ የቱን ልጠይቅ፣ እንዴት ልዘጋጅ?

እዚህ ጎንደር ብዙ ሰው ኢሲጂ ተነስቶ፣ ኢኮ ተሰርቶለት "ደህና ነህ" ሲባል የልቤ ደም ስር ንጹህ ነው ብሎ ይሄዳል። ኢሲጂ የሚያየው የልብን ኤሌክትሪክ ነው፣ ኢኮ ደግሞ ጡንቻውና ቫልቩ እንዴት እንደሚሰሩ፣ የደም ስሩ ግድግዳ ላይ የተጋገረውን ፕላክ (የስብ ክምችት) ግን ሁለቱም አያሳዩም። ስለዚህ ለሪፈር ከመሯሯጣችሁ በፊት "ዶክተር፣ ማወቅ የፈለግነው ምንድነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ምርመራው የሚመረጠው በዛ ነው።

ህመም የሌለው ግን ኮሌስትሮል ያለበት ወይ የሚያጨስ ወይ ወንድሙ በልብ የሞተበት ሰው፣ የኮሌስትሮል መድኃኒት ልጀምር አልጀምር ብሎ ካመነታ ካልሲየም ስኮር (የጠጠረውን ፕላክ በሲቲ ስካን የሚቆጥር ምርመራ) ይበቃዋል። መርፌ የለው፣ ኮንትራስት (ደም ስሩን ምስል ላይ የሚያጎላ በመርፌ የሚገባ ፈሳሽ) የለው፣ ደቂቃዎች ነው፣ ጨረሩም ትንሽ ነው። 0 ከሆነ ደስ ይላል፣ ከ100 በላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ መድኃኒት ይጀመራል፣ ከ400 በላይ ብዙ ፕላክ አለ ማለት ነው። ግን የሚቆጥረው የጠጠረውን ብቻ ነው፣ ለስላሳውን አያየውም፣ ስለዚህ ደረቱን እየጨቆነው ያለ ሰው 0 መጣልኝ ብሎ እንዳይቀመጥ። ደግሞ ስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኮሩ ቢጨምር አይደንግጥ፣ መድኃኒቱ ፕላኩን ስለሚያጠጥረው ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል።

ዳገት ሲወጣ ደረቱን የሚይዘው ሰው ሲቲ አንጂዮግራም (ኮንትራስት ተሰጥቶ የልብ ደም ስር በሲቲ የሚታይበት) ነው የሚያስፈልገው፣ ይሄ ለስላሳውንም የጠጠረውንም ያሳያል። ሲቲ ስካን ያለው ሁሉ ግን አይሰራውም፣ ቢያንስ ባለ 64 ስላይስ ማሽንና ለልብ የሚሆን ፕሮግራም ይፈልጋል፣ አዲስ አበባ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደውላችሁ ይሄንኑ ጠይቁ።

አሁን ዋናው፣ የሲቲ አንጂዮግራሙ ዝግጅት። ልብ በፍጥነት ከመታ ምስሉ ይደበዝዛል፣ የሚፈለገው በደቂቃ 60 አካባቢ ወይ ከዛ በታች ነው፣ ለዚህም ሜቶፕሮሎል የመሰለ የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት ይሰጣሉ (አስም ካለባችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ!)። ቡና ምርመራው 12 ሰዓታት ሲቀሩት ይቁም፣ ሻይና ኮካም እንደዛው። ያረፋችሁበት ዘመድ ቤት ጠዋት ቡና ይፈላል፣ "አቦሏን ብቻ" ትባላላችሁ፣ በፍቅር እምቢ በሉ። ምላስ ስር ናይትሮግሊሰሪን የሚባል ደም ስር የሚያሰፋ መድኃኒት ስለሚደረግ ቪያግራ ወይ መሰሉን የወሰደ ሰው ሳያፍር ይናገር፣ ሁለቱ ሲገናኙ ግፊት በጣም ይወርዳል። ኮንትራስቱ ኩላሊትን ስለሚነካ ክሬቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ቀድማችሁ እዚሁ ተለኩ፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት የምትወስዱም አሳውቁ። ምግብ ለጥቂት ሰዓት ይከለከላል፣ ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፣ እንዲያውም ይመከራል፣ ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት ውሃ የማይቀምሱ እናቶቻችን ቀጠሮው ሳይደርስ የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ ጥሩ ነው።

ትንፋሽ መያዝ ደግሞ ቤት ይለመድ። እማማን አልጋ ላይ በጀርባቸው አስተኟቸውና "አየር ይሳቡ፣ ይያዙ" እያላችሁ እስከ 10 ወይ 15 ሴኮንድ ቁጠሩ፣ ሆዳቸው እንዳይንቀሳቀስ እያያችሁ። ኮንትራስቱ ሲገባ ሰውነት በሙሉ ይግላል፣ ሽንት ያመለጠ ይመስላል፣ ግን አላመለጠም። ይሄን አስቀድመው ካልነገሯቸው ይደነግጣሉ፣ ልባቸው ይመታል፣ ምስሉም ይበላሻል።

በእጅ ወይ በጭን በኩል ቱቦ የሚገባበት አንጂዮግራም የሚያሳየው ደም የሚያልፍበትን ክፍተት ነው። ፕላኩ ግድግዳው ውስጥ ወደ ውጪ ካደገ ክፍተቱ ሰፊ መስሎ ይታያል፣ ለዛ ነው አንዳንዴ በዛው ቱቦ አይቩስ የሚባል አልትራሳውንድ ወይ በብርሃን የሚሰራው ኦሲቲ የሚጨመረው፣ ኦሲቲ ፕላኩን የሸፈነችውን ቀጭን ሽፋን ሳይቀር ያሳያል። የቱቦው አንጂዮግራም ጥቅሙ እዛው ስቴንት (የጠበበውን ደም ስር ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ መረብ) ማስገባት መቻሉ ነው፣ ለማየት ብቻ ብላችሁ ግን አትጀምሩበት። ቁጭ ባለበት ደረቱን የጨቆነው፣ ያላበው፣ ክንዱን ወይ መንጋጋውን ያመመው ሰው ደግሞ የሲቲ ቀጠሮ አይጠብቅ፣ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ውጤት ስትቀበሉ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፣ ምስሉ ያለበትን ሲዲ ጠይቁ። ጥበቱ ስንት ፐርሰንት ነው፣ የትኛው ደም ስር ላይ ነው፣ ፕላኩ ለስላሳ ነው ወይስ የጠጠረ፣ እነዚህን ሶስቱን አስጽፋችሁ ጎንደር ለሚከታተላችሁ ዶክተር ስጡ። ጥበቱ ከ50 ፐርሰንት በታች ነው ተብሎ መድኃኒት ከታዘዘላችሁ ደግሞ ህመም የለኝም ብላችሁ አታቋርጡት።