ስሜን ድረስ ተሄዶ ፎቶው ለምን ያናድዳል?

መጀመሪያ ጊዜ ስሜን ተራሮች ስሄድ ከ200 በላይ ፎቶ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ሳያቸው ለሰው የሚታዩት 3 ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ የካሜራው አልነበረም፣ የኔው ነው። ከዚያ ወዲህ ስመላለስ የገቡኝን ስህተቶች ልንገራችሁ። አብዛኞቹ በስልክ ለሚያነሳም ይሠራሉ።

አርፍዶ መነሳት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ቁርስ ተበልቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ 4 ሰዓት ላይ ገደሉ አፋፍ መድረስ። በዚያ ሰዓት ፀሐይ ወደ አናት ወጥታለች፣ ጥላውም አጥሯል። ጥላ ሲጠፋ ተራራው ቅርጹን ያጣል፤ ያ ሁሉ ሸንተረርና ሸለቆ ልሙጥ ግድግዳ ይመስላል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው ሽቅብ የምትወጣው። ለስላሳው የጠዋት ብርሃን ቶሎ ያልቃል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቦታችሁን ይዛችሁ ካልቆማችሁ፣ 2 ሰዓት ላይ አልቋል በሉት። አብሯችሁ ከሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ፣ ከስካውቱ ጋር የመነሻ ሰዓቱን ማታውኑ ተነጋገሩ። በሌሊት ቀስቅሶ “እንሂድ” ማለት ነውር ነው።

ጭጋግ ሲመጣ ዕቃ መሸከፍ

እሜት ጎጎ የሚባለው የስሜን ጫፍ 3,926 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ቆሜ ጭጋግ ሸፈነኝና ካሜራዬን ከተትኩ። ስካውቱ “ትንሽ ታገሥ፣ ይገለጣል” አለኝ። አልሰማሁትም። ቁልቁል ወርጄ ወርጄ ዞር ስል ጭጋጉ ተቀዷል፤ ጫፎቹ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ብለዋል። ያን ፎቶ እስካሁን የለኝም።

ሁሉንም ካላስገባሁ ማለት

ስፋቱ ያስጎመጃል፣ ይገባኛል። ግን ሰፊ ሌንስ ሩቅ ያለውን ተራራ ያሳንሰዋል። ዓይናችሁ ግዙፍ ብሎ ያየው ነገር ስክሪን ላይ ጉብታ ይሆናል። ስልካችሁ 2 ወይም 3 እጥፍ የሚያቀርብ የራሱ ሌንስ ካለው ተጠቀሙበት፤ የተደራረቡት ሸንተረሮች ያኔ ተጠጋግተው ይታያሉ። በጣት እየጎተቱ ማቅረብ ግን ሥዕሉን ማበላሸት ነው። ሰፊውን ሌንስ የግድ ካላችሁ ፊት ለፊት የሚቆም ነገር ፈልጉ። ጅባራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል አለ፣ ድንጋይ አለ፣ የሚግጥ የጭላዳ መንጋ አለ። ጎንበስ ብላችሁ ቅረቡት። ፎቶው ጥልቀት የሚያገኘው ከዚያ ነው።

ሰማዩን ማቃጠል

ሸለቆው እንዲታይ ስንል ሰማዩን ነጭ ወረቀት እናደርገዋለን። የጨለመን ቦታ በኋላ ማፍካት ይቻላል፤ ነጭ ሆኖ የጠፋ ደመና ግን አይመለስም። ስክሪኑ ላይ ሰማዩን ንኩና ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱት።

ወቅቱን አለማየት

በበጋው ማብቂያ አየሩ በአቧራና በጭስ ይደፈርሳል፣ ሩቁ ይደበዝዛል። ክረምቱ እንደወጣ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት፣ ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፤ መሬቱም አረንጓዴ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሌላ ወር አልመርጥም።

ቀለም ማጋነን

አደይ አበባ በራሱ ቢጫ ነው። የመንገድ ሠራተኛ ሰደርያ አታስመስሉት።

ትንንሾቹን ደግሞ ላፍጥናቸው። ጣና ላይ አድማሱ ካዘነበለ ሐይቁ የሚፈስ ይመስላል፤ ስክሪኑ ላይ የመስመር መረቡን ክፈቱና አቃኑት። በካሜራ የምታነሱ ከሆነ ሁሉም ይጥራ ብላችሁ ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 22 (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል) አታጥብቡት፤ ብርሃኑ ተበትኖ ሥዕሉን ያደበዝዘዋል፣ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ይበቃል። ሌሊቱ ስለሚበርድ ባትሪውን ብርድ ልብሳችሁ ውስጥ ይዛችሁት እደሩ። ሌንሱንም ጥረጉት። ከነዚያ 200 ፎቶዎቼ ግማሹን ያደበዘዘው ጭጋጉ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የራሴ ጣት አሻራ ነው።