የሰፈሩን ቡና ሳይጠጡ ሚሽን፦ ወሎ ላይ የሠራናቸው ስህተቶች

የምኖረው ደሴ ነው። በአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የሚሽን (ወንጌልን የማዳረስ ሥራ) ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት አገልግያለሁ። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። የቀሩትን ደግሞ ሌሎች ሲሠሩ ቆሜ አይቻለሁ፤ እሱም ያው ነው።

ሥጋውን ሳያስቡ ጎረቤት መጥራት

ትንሽ ስለሚመስል ከዚህ ልጀምር። ወጣት ሳለን ለፋሲካ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጠራን። በግ አረድን፣ ዶሮ ተሠራ። ከጎረቤቶቻችን ግማሹ ሙስሊም ነው። መጡ፣ መረቁን፣ ተቀመጡ። ዳቦ ቆረሱ፣ ለስላሳ ጠጡ። ሥጋውን አንድም ሰው አልነካም። ምንም ያለ ሰውም የለም። የገባን ሸኝተናቸው ስንመለስ ነው።

ወሎ ውስጥ ይህን መሳት ያሳፍራል። እዚህ ክርስቲያኑ ሰርግ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ ከብቱን ይለያል። የሚያርደው ሙስሊም ነው፤ ድስቱም ወጥ ሠሪዋም ለብቻ። ሙስሊሙም ሲደግስ እንደዚያው ያደርጋል። እናቶቻችን ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። እኛ ግን ስልጠና ወስደን የመጣን ነበርን። የስልጠናው ማስታወሻ ላይ እኮ «ባህልን ማክበር» የሚል ርዕስ ነበረ፤ ሁለት ገጽ።

በዓመቱ አንድ ጎረቤታችን የሆኑ አባት ጠራንና ፍየሏን አረዱልን። ሳይበላ የሄደ የለም።

ዱቄቱንና ስብከቱን አንድ ጆንያ ውስጥ መክተት

ወሎ የ1965 እና የ1966ን ረሃብ አይቷል፤ የ1977ንም። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች፤ ባቲም ላይ መጠለያ ነበረ። እርዳታ ይዘው ከመጡት መካከል የክርስቲያን ድርጅቶች ነበሩ፤ የብዙ ሰው ነፍስም ተርፏል። ግን ሰው ልብ ውስጥ አንድ ጥርጣሬ አለ፦ ዛሬ ስንዴ የሚሰጥህ ነገ ሃይማኖትህን ይጠይቅሃል። «በዘይት የተለወጠ» የሚለውን ስድብ ያልሰማ ጴንጤ ያለ አይመስለኝም።

በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲገፋ፣ ከሰሜን የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሰፈረ። አንድ ቡድን ከሌላ ከተማ ዱቄት ይዞ መጣ። ሰልፉን አስቁመው ሰበኩ። ከዚያ «ጌታን የሚቀበል እጁን ያንሳ» አሉ። እጅ ተነሣ፣ ብዙ እጅ። የራበው ሰው እምቢ ይላል እንዴ? ያነሣው ለዱቄቱ ይሁን ለወንጌሉ ሰባኪውም አያውቅ፣ እሱም በቅጡ አያውቅ። ሪፖርቱ ላይ ግን ቁጥር ሆኖ ገባ።

በማግስቱ እኔ ራሴ ሳድል አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይሄን ለመውሰድ ምን መሆን አለብኝ?» አሉኝ። «ምንም እማማ፣ ይውሰዱ» አልኳቸው። ከተሸከሙ በኋላም ሁለት ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ።

ከዚያ በኋላ አሠራሩን ቀየርን። ስም ዝርዝሩን የሚያወጣው ቅሬው ሆነ (ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ ነው የምንለው)። ቅሬ ማን እንደቸገረው ከማንኛውም ኮሚቴ በላይ ያውቃል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለበት። እኛ ዱቄቱን አምጥተን ማውረድ ብቻ ነው። በዕደላው ቀን ስብከት የለም። ስለ እምነታችን ሊጠይቅ የሚፈልግ ሰው ቤታችንን ያውቀዋል፤ የመጣም አለ፣ ዱቄት በሌለበት ቀን።

ለዚህ አሠራር ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎች ማግኘት ከባድ ነው፣ አልዋሽም። «ስንት ሰው ዳነ?» ይላሉ።

ቦሩ ሜዳን ሳያውቁ «ተጠመቅ» ማለት

ቦሩ ሜዳ ከደሴ ቅርብ ናት፤ በታክሲ ትደርስባታለህ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ የሃይማኖት ጉባኤ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም ባላባቶች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት፣ የልጅ ኢያሱ አባት። እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት ደግሞ እምቢ ብለው ታገሉ። ተራው ሰው መሐል ላይ ቀረ። ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም ሆኖ ያደረ ብዙ ነበር ይባላል።

እኛ ወንጌላውያን «ያ የመንግሥት ሥራ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ማለት ይቀለናል። ሰሚው ግን ይህን ልዩነት የማወቅ ግዴታ የለበትም። «ተጠመቅ» ስትለው የሚሰማው የቅድመ አያቱ ታሪክ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ታሪኩን አውቀህ ተናገር።

ሐይቅን «ወንጌል ያልደረሰበት» ብሎ መጻፍ

ስለ ሐይቅ ከተማ የተጻፈ፣ በዓይኔ ያየሁት ሪፖርት ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ መነኮሳት ያስተማሩበት ገዳም ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። ከኦርቶዶክሱ ጋር በትምህርት ልንለያይ እንችላለን፤ እሱ ሌላ ነው። ግን በወንጌል ላይ ሰባት መቶ ዓመት ያደረን አገር ባዶ መሬት አድርጎ መሳል ውሸት ነው።

ድምፅ ማጉያውን ወደ መስጊድ አዙሮ መትከልስ? እሱን ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

ፎቶ መለጠፍ

አንድ ወጣት አመነ። ፎቶው በዚያው ሳምንት ቴሌግራም ላይ ወጣ፣ አዲሱ ስሙም ከሥሩ። ቤተሰቦቹ የሚያውቁ መስሎን ነበር። አያውቁም። ከቤት ወጣ። ወራት ሙሉ ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ውስጥ አደረ። ፎቶውን ያነሡት ሰዎች ያኔ ሌላ ከተማ ላይ ሌላ ፎቶ እያነሡ ነበር።

የሚያሳዝነው፣ ወሎ ለዚህ ነገር ቦታ ያለው አገር መሆኑ ነው። በአንድ ቤት ወንድም ሙስሊም፣ እህት ክርስቲያን ሆነው ይኖራሉ። የልጁ ስም መሐመድ፣ የአባቱ ገብረ ማርያም ቢሆን ማንም አይደነቅም። ልጁ ራሱ በራሱ ጊዜ፣ ለእናቱ በቡና መሐል ቢነግራቸው ኖሮ ምናልባት ያለቅሱ ነበር እንጂ አያባርሩትም ነበር። ያባረረው ማስታወቂያው ነው። ስም ለማስቀየር መቸኮልም ከዚሁ ይቆጠራል። በነገራችን ላይ ማንንም ከማጥመቃችሁ በፊት ሲሞት የት እንደሚቀበርና ማን እንደሚቀብረው ጠይቁ። የመቃብር ቦታ ለወንጌላውያን በብዙ ከተማ ቀላል ጉዳይ አልነበረም።

ውጭ አገር ሲሆን ቋንቋ መርሳት

እ.ኤ.አ. በ1842 ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ከሸዋ ተነሥቶ በወሎ በኩል ወደ ሰሜን ሊያልፍ ሞከረ። አዳራ ቢሌ የሚባል የወሎ ባላባት መጀመሪያ በደንብ አስተናገደው። መንገዱ ተዘግቶበት ሲመለስ ግን ያዘውና ንብረቱን ገፈፈው። (በአያቶቻችን ስም ይቅርታ።) ክራፍ በ1844 ሞምባሳ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ሚስቱም አራስ ልጁም ሞቱበት። እሱ ግን ስዋሂሊ ላይ ተቀመጠ፤ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አዘጋጀ።

እኛስ? ዱባይ ሄደን ሐበሻ ሰብስበን በአማርኛ እንዘምራለን። መልካም ነው፤ የተሰደደ ሰው መጽናናት አለበት። ሚሽን ብለን በጀት ስንይዝለት ግን ይከብደኛል። ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ከሚሴ ኦሮምኛ ሳይችሉ የሚወርዱ አሉ። የባቲ ሰኞ ገበያ ላይ አፋርኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ሲደባለቅ እየሰሙ በአማርኛ ብቻ የሚሰብኩም አሉ።

የቤት ሠራተኛዋን ሚሲዮናዊ ማድረግ

ከወሎ ወደ ዐረብ አገር የሚሄደው ሴት ልጅ ብዙ ነው። ጉባኤው እጅ ጭኖ ይጸልይና «ሳዑዲ ወንጌል ይዛ ትገባለች» ይላል። እሷ እኮ ልትሠራ ነው የምትሄደው። መኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ስፖንሰርነት የታሰረ ነው። ፓስፖርቷን አሠሪዋ ሊይዘው ይችላል። እዚያ አገር ከእስልምና ውጭ በአደባባይ ማምለክ አይፈቀድም። ብትያዝ የምትባረረው እሷ ናት፤ ጉባኤው ደሴ ነው ያለው። የምትጸልይ ከሆነ ትጸልይ፤ የእኛን ሪፖርት ግን አትሸከም።

ስትመለስስ? ባለፈው ዓመት ኮሚቴው የውጭ ሚሽን በጀት ሲያጸድቅ አንዲት እህት እጇን አወጣች። «ከቤተ ክርስቲያኑ ሁለት በር አልፎ ከጅዳ የተመለሰች ልጅ አለች፤ ማን ጠይቋት ያውቃል?» አለች። ዝም አልን። ቅዳሜ ቡና ይዘን ሄድን። አቦሉ ላይ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብቻ። ቶናው ላይ ስለ እናቷ ሕመም። አፏን የፈታችው በረካው ላይ ነው።

ስድስት ዓመት ቆይታለች። ዐረብኛዋ ውሃ ነው። አንድ ወንድም ለዐረብኛ ስልጠና አዲስ አበባ ልንልክ ገንዘብ ይዘን ነበር። አሁን የምታስተምረው እሷ ናት፤ በሰዓት ይከፈላታል።